ቁልፉ ሲለቀቅ

መርሻን ስትሮክ የመታው ሐምሌ ላይ፣ አንድ ፒክአፕ ዳሽቦርድ ሥር አጎንብሶ ገመድ ሲፈትሽ ነው። መፈተሻው ከእጁ ወደቀ። ሊያነሳው ሲል ቀኝ እጁ እምቢ አለው። የመኪናው ባለቤት የሚቀልድ መስሎት መጀመሪያ ሳቀ፤ አፉ ወደ አንድ ጎን ሲጣመም ሲያይ ግን ደንግጦ ባጃጅ አስቁሞ ሆስፒታል አደረሰው።

ከሆስፒታል ሲወጣ በከዘራ መራመድ ቻለ። ቀኝ እጁ ግን ብርጭቆ እንኳ አይጨብጥም። ከእጁ ይልቅ የከበደው የንግግሩ ነገር ነበር። የሚፈልገውን ያውቃል፣ ስሙ ግን አይመጣለትም። ውሃ ለማለት ፈልጎ በር ይላል፤ ስህተቱን በገዛ ጆሮው ሰምቶ ይሸማቀቃል። ከጢቾ ወጥቶ አሰላ ላይ በመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ ስሙ የታወቀ ሰው፣ ከቤቱ ጀርባ ያለችውን ጋራዥ ዘግቶ በረንዳ ላይ ዋለ።

ሚስቱ የውብዳር አንደኛ ክፍል ታስተምራለች። ከደብረ ማርቆስ ተመድባ መጥታ፣ እሱን አግብታ እዚያው የቀረች ናት። ልጆች ማንበብ ሲያቅታቸው የሚቀጥለውን ድምፅ ሹክ ማለት ለምዳለች፤ ለባሏም እንዲሁ አደረገች። "ሻ..." ሲል "ሻይ?" ትለዋለች። ጠያቂ መጥቶ እንዴት ነህ ሲለው "ደህና ነው፣ ዛሬ ትንሽ እግሩን ብቻ ነው" ብላ እሷ ትመልሳለች። አብዛኛውን ጊዜ ግምቷ ትክክል ነበር። መርሻ ግን ቀስ በቀስ መሞከሩን ተወው። ዓመት ሲሞላው በጣቱ ከመጠቆም በቀር ምንም የማይል ሰው ሆነ። የውብዳር ሕመሙ የባሰበት መስሏት ሐኪሙን ጠየቀችው። ሐኪሙ ምንም የባሰ ነገር እንደሌለ፣ እንዲያውም ብዙ ማውራት እንዳለበት ነገራት። እሷም ቤት ተመልሳ አጠገቡ ተቀምጣ ይበልጥ አወራችለት።

ጥቅምት ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሀሰኖ መጣ። ሀሰኖ ከአሰላ ሮቤ በሚኒባስ የሚመላለስ ሹፌር ነው፤ መኪናውን ከመርሻ በቀር ለማንም ኤሌክትሪሺያን አስነክቶ አያውቅም ነበር። ያን ቀን ሚኒባሱ በሌላ መኪና እየተጎተተ ነበር የመጣው።

"አካም ቡልተኒ፣ ጋሼ መርሻ?" አለ ሀሰኖ በረንዳውን እየወጣ፤ በኦሮምኛ እንዴት አደሩ ማለቱ ነው።

"ነጋ" አለ መርሻ፣ ደህና ለማለት። የውብዳር ዞር ብላ አየችው። ስንት ቀን ዝም ብሎ ከርሞ የወጣው ቃል ነበር።

ሀሰኖ ሻይ እየጠጣ የደረሰበትን ተረከ። የመኪናው ሞተር ገደል አፋፍ ላይ፣ ሰው እንደ ጫነ ነው የተበላሸበት። ወንደሰን የሚባል መካኒክ ከአዲስ አበባ የመጣ ያገለገለ ሞተር ገጠመለት። አዲሱ ሞተር ግን እንደ አሮጌው አይደለም፤ ናፍጣ የሚረጨው በኮምፒውተር እየታዘዘ ነው። የአዲሱን ሞተርና የሚኒባሱን ገመድ አገናኝቶ ማስነሳት ወንደሰንንም፣ ከእሱ በኋላ የመጣውን ሰውም አቃታቸው። ሞተሩ ይሽከረከራል፣ አይነሳም። "አንዴ ቢያዩልኝ ብዬ ነው የመጣሁት" አለ ሀሰኖ።

የውብዳር የሻይ ብርጭቆውን ተቀበለችው። "እሱ እኮ አሁን አይችልም፣ ሀሰኖ" አለች በለሰለሰ ድምፅ። "እጁም አልዳነለት፣ ቃሉም አይመጣለት። ለምን እናስጨንቀዋለን?"

መርሻ አጠገባቸው ነበር። ከዘራውን አንስቶ፣ ደረጃውን አንድ በአንድ ወርዶ፣ ወደ ሚኒባሱ ሄደ። ሀሰኖ ተከተለው። የውብዳርም ይወድቅብኛል ብላ ፈጠን ብላ ወጣች።

ሚኒባሱ ሞተሩ ያለው ከፊት ወንበሮቹ ሥር ነው። ሀሰኖ የጋቢናውን ወንበር አጋድሞ ከፈተው። መርሻ ጎንበስ ብሎ ቆየ፤ ከዚያ በግራ እጁ ከጋራዡ አንዲት መፈተሻ አምጥቶ ሚስቱ መዳፍ ላይ አስቀመጠ። መፈተሻዋ ጫፏ ሹል ነው፣ ሆዷ ውስጥ ትንሽ አምፖል አላት፤ ጅራቷን የመኪናው ብረት ላይ ቆንጥጠው ጫፏን ሽቦ ሲያስነኩ፣ ኤሌክትሪክ ካለ ትበራለች። ይህን በቃል አላስረዳትም። እጇን ይዞ ባትሪው ላይ አስነክቶ አሳያት።

"እኔ?" አለች የውብዳር። መርሻ ራሱን ነቀነቀ።

እጅጌዋን ሰብስባ ጀመረች። እሱ ይጠቁማል፣ እሷ ታስነካለች። ፊውዞቹ ሁሉ በሩ። ወደ ሞተሩ ኮምፒውተር የሚገባውን ቀጭን ገመድ አሳያት፤ እሱም በራ። ሁሉ ነገር ደህና ይመስላል። ሀሰኖ ቁልፉን ሲያዞር ግን ሞተሩ መሽከርከር ብቻ ነው፣ አይነሳም። መርሻ ድገም ብሎ በእጁ አሳየው፤ ዓይኑን ጨፍኖ ጆሮውን ወደ ሞተሩ አዘነበለ። ሦስተኛ፣ አራተኛ ጊዜ አስደገመው። ከዚያ ድንገት ዓይኑን ገለጠና ወደ ሚስቱ ዞረ።

"ልቀቂ" አለ።

የውብዳር የያዘችውን ገመድ ለቀቀች። ራሱን በአሉታ ነቀነቀ። መፈተሻዋንም አስቀመጠች።

"ልቀቂ" አለ እንደገና።

"ምኑን? የባትሪውን ገመድ? ፊውዙን? ደከመህ? እንተወው ነው?" ጥያቄዋን እያከታተለች አፉን አፉን አየችው። በእያንዳንዱ ጥያቄ ፊቱ እየጠቆረ ሄደ። "እኔ ልሂድ ነው? አንተን ልተውህ ነው የምትለኝ?"

መርሻ በግራ መዳፉ የመኪናውን በር መታው። ሀሰኖ ከሹፌሩ ቦታ ወርዶ፣ የኋላ ጎማው ጋ ጉዳይ እንዳለው ሁሉ እዚያ ሄዶ ቁጢጥ አለ።

የውብዳር የተሳፋሪው መውጫ ላይ ተቀምጣ ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች። ያን ሁሉ ጊዜ አጥባዋለች፣ ጺሙን ላጭታዋለች፣ በቀዝቃዛው የአሰላ ጠዋት እግሩን በሞቀ ውሃ አሽታለታለች። ከዚያ ሁሉ በኋላ ለእኔ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ልቀቂኝ ሆነ ብላ አሰበች።

መርሻ መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ልትረዳው አፏን ስትከፍት በግራ እጁ ጉልበቷን ያዝ አደረጋት።

"ቃሌን" አለ። አረፈ። "ቃሌን... አትውሰጂብኝ።"

የውብዳር እንባዋ ቆመ። ስለ ዛሬ ብቻ እንዳልተናገረ ገባት። በረንዳ ላይ እሷ የጨረሰችለት ዓረፍተ ነገር፣ ለጠያቂ የመለሰችለት መልስ፣ ያ ዝምታው ሁሉ አንድ ላይ መጣባት። ልትመልስለት ፈለገች። ይልቁንስ እጇን እጁ ላይ አድርጋ ጠበቀች።

መጠበቁ ያሰበችውን ያህል ቀላል አልነበረም። የጎረቤት ሬዲዮ ይሰማል፣ ከጭላሎ ተራራ በኩል ነፋስ ይነፍሳል፣ እሱ ቃሉን ይፈልጋል። አውቀዋለሁ ያለችው መልስ ብዙ ጊዜ ምላሷ ጫፍ ድረስ መጣ፤ ዋጠችው። በመጨረሻ መርሻ ተነስቶ ወደ ሹፌሩ መስኮት ሄደና ወደ ውስጥ ተመለከተ።

"ፉርቱ" አለ።

ፉርቱ በኦሮምኛ ቁልፍ ማለት ነው። መርሻ ልጅ ሆኖ ጢቾ ውስጥ ከጎረቤት ልጆች ጋር የተጫወተው በኦሮምኛ ነበርና፣ በአማርኛ የጠፋው ቃል በዚያ በኩል መጣለት። ሀሰኖ ከጎማው ቀና አለ፤ እሱም ግን ነገሩን አልጨረሰለትም።

"ፉርቱ... ሲለቀቅ" አለ መርሻ። "ያኔ... ይላል።"

ሀሰኖ ገብቶ ቁልፉን አዞረ፤ ሞተሩ ተሽከረከረ፤ ለቀቀው። ልክ በለቀቀው ቅጽበት ሞተሩ አንድ ጊዜ ድፍ ብሎ ሊነሳ ሞከረና ጠፋ። የውብዳር አሁን ሰማችው። ደገመው፣ እንደገና ያው ነው። ቁልፉ ተይዞ ሳለ ምንም የለም፤ ሲለቀቅ ብቻ አንዲት ትንፋሽ።

መርሻ የኮምፒውተሩን ቀጭን ገመድ እንደገና አሳያት። በዚህ ጊዜ መፈተሻዋን እንዳስነካች ቆየች፣ ሀሰኖም ቁልፉን አዞረ። በርታ የነበረችው አምፖል፣ ሞተሪኖው ሞተሩን ማሽከርከር ሲጀምር ድርግም አለች። ቁልፉ ሲለቀቅ ተመልሳ በራች። ነገሩ ያን ጊዜ ለሁሉም ግልጽ ሆነ። ገመዱ የተቀጠለው ሬዲዮኑን ከሚያበራው መስመር ጋር ነበር። ያ መስመር መኪና ሲነሳ ኃይሉ ሁሉ ለሞተሪኖው እንዲሆን ለጥቂት ጊዜ ይቋረጣል። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ናፍጣ ርጭ ብሎ ማዘዝ ባለበት ሰዓት እንቅልፍ ይዞታል።

የማይቋረጠውን መስመር ከቁልፉ ጀርባ አምፖሏን እያስነካች ፈለገች። ስታገኘው ቀና ብላ መርሻን አየችው፤ ፈገግ አለ። እሱ በግራ እጁ ሁለቱን ጫፎች አጠጋግቶ ያዘ፣ እሷ ልጣቸውን ገፍፋ ሽቦውን ጠመዘዘች። ጣቶቻቸው በጠባቧ ቦታ ይጋፉ ነበር። ሲያልቅ በፕላስተር አሰረችው። መርሻ ሳብ አድርጎ ፈትሾ አልወደደላትም፤ አስፈታትና እንደገና አሠራት።

ሀሰኖ "ቢስሚላህ" ብሎ አዞረ። ሞተሩ ነጭ ጭስ ተፍቶ ተነሳ። አልጠፋም። ሀሰኖ ወርዶ መርሻን ትከሻውን ሳመው፤ ሊናገር ፈልጎ አልቻለም፤ ይኸኔ መርሻ ሳቀ። የውብዳር ያንን ሳቅ ከሰማች ቆይታ ነበር።

ሥራው በዚያ አላለቀም። የሙቀት መለኪያው አይሠራም ነበር፤ የአዲሱ ሞተር ሴንሰር ከአሮጌው ዳሽቦርድ ጋር አይግባባም። መርሻ የመለኪያውን መስታወት በጣቱ መታ መታ አደረገና ትንሽ አስቦ "ሰኞ" አለ። ሰኞ የውብዳር ከክፍል ስትመለስ፣ የአሮጌውን ሞተር ሴንሰር ፈትተው አዲሱ ላይ ገጠሙት። እስኪሆንላቸው ረቡዕ ሆነ።

በሳምንቱ ሀሰኖ ሁለቱንም ይዟቸው ሮቤ ሄደ። ባለቤቱ ጁወይሪያ የገብስ ዱቄት በቅቤ አሽታ ጭኮ አዘጋጅታ ጠበቀቻቸው። ተበልቶ ካበቃ በኋላ ጁወይሪያ መርሻን ሕመሙ እንዴት እንደ ጀመረው ጠየቀችው። ከዚያ በፊት ይህን ጥያቄ ሁልጊዜ የምትመልሰው የውብዳር ነበረች። አሁን የያዘችውን ማንኪያ አስቀምጣ ዝም አለች።

"እጄ... ሲወድቅ" አለ መርሻ፣ "አልፈራሁም።" ግንባሩ ላይ ላብ ወጣ። ማንም አላቻኮለውም። "ሰውዬው... ማንን ልጥራልህ አለኝ። ስሟ... ጠፋኝ። የሷ ስም። ያኔ ነው የፈራሁት።"

የውብዳር ይህን አታውቅም ነበር። ጁወይሪያ በቀስታ "አሁንስ?" አለችው።

መርሻ ወደ ሚስቱ ዞረ። "የውብዳር" አለ። አንድም ፊደል አልተሰናከለበትም።

ጁወይሪያ በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ጠራርጋ ጭኮ ልትጨምርላቸው ተነሳች፤ በቃን ቢሉም አልሰማቻቸውም።

መርሻ ሙሉ በሙሉ አልዳነም፤ ቀኝ እጁም አልተመለሰም። ከትምህርት ሰዓት በኋላ ግን አንዳንድ መኪና ይመጣል፣ እሱ ያዳምጣል፣ እሷ ትነካካለች። ያን ቀን ከሮቤ ሲመለሱ ሚኒባሱ ሰው ሞልቶ ነበር። መርሻ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ ለመታጨድ የደረሰውን ስንዴ፣ ወንዙን፣ የመንገዱን ዳር መንደር ሁሉ በአማርኛም በኦሮምኛም፣ በመጣለት እየጠራ ነገራት። እሷም ስታዳምጠው ቆይታ፣ ትከሻው ላይ ጋደም ብላ እንቅልፍ ወሰዳት።