አንድ መርፌ ለመንታ

ልጄ መንታ ወለደች። ወንዱን ይዘን ቤት ገባን፤ ሴቷ ኪሎዋ ስላልሞላ ሐኪም ቤት፣ ሙቀት ክፍል ቀረች። ሳምንት ሳይሞላው ወንዱን ጉንፋን ያዘውና ትንፋሽ አጠረው። ይኸው ተመልሰን መጥተን፣ አፍንጫው ላይ ኦክስጅን ተሰክቶ ደረቱ እንደ ወናፍ ከፍ ዝቅ ይላል።

ጉንፋኑን ማን እንዳመጣው አትጠይቁኝ። ደህና፣ እኔ ነኝ። የሰፈራችንን ልብስ ሰፊ ባል መኮብለል ከራሷ አፍ ልስማ ብዬ ሄጄ፣ እያስነጠሰች ስታወራኝ ዋለች። ወሬውንም ጉንፋኑንም ይዤ ገባሁ።

ዶክተሯ አንዲት ብልቃጥ ይዛ መጣች። "ያለን መርፌ ይሄ ብቻ ነው።"

አማቼ "ለልጄ ይውጉልኝ" ብሎ እግሯ ላይ ሊወድቅ ምንም አልቀረው።

"ይስሙኝ" አለች ዶክተሯ። "ቫይረሱ ገላው ላይ መንጠቆ የመሰለ ነገር አለው። የሳንባችን ሴል ደግሞ እንደ በር እጀታ ያለ ነገር አለው። መንጠቆው እጀታውን ካገኘ ይይዝና ይገባል። መርፌው መንጠቆውን ይሸፍነዋል፣ እንዳይዝ። እሱ ላይ ግን አንዴ ገብቷል፤ አይረዳውም።"

"እህቱስ?" አለች ልጄ።

"እሷ ጋ ከውጪ ማንም አልገባም፤ ነገ የሚመጣው መርፌ ይደርስላታል። ይሄን ሌላ ሐኪም ቤት ሲለምነኝ ነው የዋለው፣ ልልከው ነው።"

ትናንት የጽዳት ሠራተኛ የሆነች ወዳጄን ሽርጥ ተውሼ፣ መጥረጊያ ይዤ ሙቀት ክፍሉ ገብቼ ነበር። ዘበኛው "እማማ፣ አዲስ ነዎት?" ሲለኝ "አዲስስ አንተ" ብዬው አለፍኩ። ትንሿን ጉንጯንም አፏንም ሳምኳት።

ለሰው ገመና የማይታሰረው ምላሴ ለራሴ ጊዜ ተሳሰረ። ዶክተሯ በሩ ጋ ደረሰች።

"ቆዪ የኔ ልጅ። እኔ ገብቼ ነበር።"

"የት?"

"ትንሿ ጋ። ስሜያታለሁ። ትናንት፣ አስር ሰዓት ላይ።"

"ጉንፋኑ እያለብሽ፣ እማዬ?" አለች ልጄ።

"አዎ" አልኩ።

ዶክተሯ ሰዓቷን አየች። "መርፌው ይደርስላት ይሆናል" ብላ ብልቃጧን ይዛ ወደ ሙቀት ክፍሉ ሮጠች። ልጄም ተከተለቻት፤ በሩ ላይ ዞር ብላ "ልጁን እንዳትነኪው" አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ከወንዱ ክፍል መስታወት ውጪ ቆሜያለሁ። ስለ ትንሿ እስካሁን መጥቶ የነገረኝ የለም። እጆቼን ብብቴ ውስጥ ቀብሬ የወንዱን ደረት አያለሁ። ዝቅ ብሎ ከፍ ማለቱ ሲዘገይ፣ ሳላውቀው እኔም ትንፋሼን እይዛለሁ።