የመኪናው ሆድ

«ተኝቶ ነው አሉ። ቁልቁለቱን ሲጀምር እንቅልፍ ጣለው» አለ አንዱ ከድንኳኑ በስተጀርባ፣ ድምፁን ዝቅ ያደረገ መስሎት።

አምደሚካኤል የዘገነውን ንፍሮ ሳይቀምስ ወደ ሳህኑ መለሰው። የሚታማው ወንድሙ ገዳሙ ነው። የተቀበረው ትናንት ነው፤ የመቃብሩ አፈር ገና ርጥብ ነው። የለቅሶ ቤት ወሬ ግን አፈር እስኪደርቅ አይጠብቅም። ከትናንት በስቲያ ጠዋት ገዳሙ ባለ ተሳቢ መኪናውን ጤፍ ጭኖ ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርድ፣ ሽቅብ ይመጣ የነበረ ሚኒባስ ገጭቶ አብረው ገደል ገቡ። እሱም ሞተ፣ ከሚኒባሱም ሦስት ሰዎች ሞቱ። ከዚያ ወዲህ ደብረ ማርቆስ ውስጥ አፍ ያለው ሁሉ ትራፊክ ፖሊስ ሆኗል።

ማዶ ከሴቶቹ መካከል ታየች የምትባለው የገዳሙ ሚስት የስምንት ወር ልጇን አቅፋ ተቀምጣለች። እሷም ሰምታለች። ልጅቱን ወደ ደረቷ ጠበቅ ስታደርግ አምደሚካኤል አየ። ትንሽ ቆይታ በዓይኗ ጠራችው፤ ሄዶ አጠገቧ ቁጢጥ አለ።

«አምዴ፣ አንተ መኪና ታውቃለህ» አለችው። «እውነት ተኝቶ ነው?»

«እኔ እንጃ» አላት።

እንጃ ያለው እያወቀ ነበር።

አምደሚካኤል የከባድ መኪና ገማች ነው። መኪና ሲሸጥ፣ ሲወረስ፣ ባልና ሚስት ወይም ሸሪኮች ፍርድ ቤት ሲካሰሱበት፣ ግብር ሰብሳቢውም ዳኛውም «ዋጋው ስንት ነው?» ብለው የሚጠይቁት እሱን ነው። አይቶ ይጽፋል፣ ይፈርማል፣ ማኅተም ያደርጋል። ባለመኪኖቹ አሳጥበው፣ ጎማ ሳይቀር አስወልውለው ያመጡለታል። እሱ ፊት ፊቱን ብዙም አያይም። ካርቶን መሬት ላይ ያነጥፋል፣ የእጅ ባትሪውን ያበራል፣ በጀርባው ተንሸራቶ ከሥር ይገባል። «ፊቱንማ ማንም ያጥበዋል፤ የመኪና ዋጋ ሆዱ ላይ ነው» ይላል። ሰዎች በዚህ አባባሉ ይቀልዱበት ነበር፣ እሱም ደስ ይለው ነበር። በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ ሆዱን ሳያይ የፈረመለት መኪና አንድ ብቻ ነው። እሱም የወንድሙ ነው።

ጥር ላይ፣ የገዳሙ ልጅ ወንጌላዊት ክርስትና የተነሣች ዕለት ነበር። ገዳሙ ዕድሜውን ሙሉ የሰው መኪና ሲነዳ ኖሮ ገና ያን ሳምንት የራሱን ገዝቷል። ያገለገለ ቢሆንም የራሱ ነው፤ በየደቂቃው እየወጣ ያየው ነበር። ስሙን ለማዛወር ግብር ይከፈላል፣ ግብሩም የሚሰላው በግምቱ ነው። አምደሚካኤል ታየች ራሷ ፈትላ ያሠራችለትን አዲስ ነጭ ኩታ ለብሶ ከቤተ ክርስቲያን ተመለሰ። መኪናው በር ላይ ቆሟል። ካርቶኑን ሊያመጣ ሲል ገዳሙ ክንዱን ያዘው።

«ዛሬማ አትጎነብስም። ታየች ክረምቱን ሙሉ የፈተለችውን ዘይት ልታስነካው ነው?»

«ሳላይ ልጻፍ?»

«የፍሬን ሸራው አልቋል ብለህ ጻፍ፣ ዋጋው ትንሽ ይውረድልኝ። ሰው ለወንድሙ አንድ ቀን ቢዋሽ ምን አለበት?»

ሁለቱም ሳቁ። አምደሚካኤል ወረቀቱን ኮፈኑ ላይ አስደግፎ «የሁሉም ጎማ የፍሬን ሸራ ያለቀ» ብሎ ጻፈ፣ ፈረመ፣ ወደ ጠላው ገቡ። ከሳምንት በኋላ ገዳሙ ከመንገድ ደወለና እንደ ቀልድ አድርጎ፣ ሸራውን ልቀይር እንዴ፣ አለው። «ኧረ እሱ ለወረቀቱ ነው» አለ አምደሚካኤል። ገዳሙ ወንድሜ ሳላየው አይቶት ይሆናል ብሎ ተማመነ። አምደሚካኤል ደግሞ ባለቤቱ የራሱን መኪና መቼም ያውቃል አለ። ሁለቱም ሸራው ደህና ነው ብለው ያመኑት፣ አልቋል ብለው ስለዋሹ ነው።

አስከሬን ሊያነሣ ገደሉን የወረደ ዕለት መኪናው ተገልብጦ፣ ሆዱን ለሰማይ ሰጥቶ ነበር። ለማየት መጎንበስ አላስፈለገውም። አንዱ ጎማ ተነቅሎ ከወጣበት በኩል ውስጡ ይታያል፤ ሸራ የሚባል ነገር የለም፣ ብረት ብረቱን ፍቆ ጨርሶታል። የቀሩትንም እየዞረ አየ። ሌላው ሰው ሁሉ ሬሳ ሲያወጣ እሱ ፍሬን ያያል። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው ይህ ነው፤ ያውም ራሱ ዓባይ አፋፍ ላይ።

በዚያው በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ትራፊክ ፖሊሱ ደወለለት። ሐዘኑን ገልጦ፣ መዝገቡን ለመዝጋት መቃረቡን ነገረው። ፍሬን የያዘበት ምልክት መንገዱ ላይ አልተገኘም፤ ስለዚህ አሽከርካሪው አንቀላፍቶ ነው ሊባል ነው። መኪናው ከዚህ በፊት የተገመተበት ወረቀት ካለ እንዲያቀርብ ጠየቀው። አምደሚካኤል ፈልጌ እደውላለሁ አለ። ወረቀቱ ቢሮው መሳቢያ ውስጥ ነበር። የጻፍሁት እውነት ነው ቢል፣ ፍሬን የሌለው መኪና መሆኑን እያወቀ ወደ በረሃ ለቋል ማለት ነው። ውሸት ነው ቢል፣ ሳያይ ፈርሟል። በየትኛውም በኩል የሥራ ፈቃዱም እሱም አይተርፉም። ዝም ካለ ደግሞ ገዳሙ ለዘላለሙ ተኝቶ ሦስት ሰው የፈጀ ሹፌር ሆኖ ይቀራል። ሞቶ የለም፣ ምን ይጎዳዋል፣ አለ በልቡ። ሆድ ይፍጀው ብሎ ወሰነ። ሄዶ ወረቀቱን አመጣና የንፍሮው ድስት ሥር ከሚነደው እሳት ሊከተው ኪሱ አደረገው።

በሠልስቱ ጠዋት ዝናብ ጣለ። የእድሩ ሰዎች ድንኳኑን ቀና ብለው አይተው፣ ይህ ሸራ አልቋል፣ ማን ነው አይቶ ያመጣው፣ እያሉ ተነታረኩ። አምደሚካኤል ስሙ የተጠራ ይመስል ከተቀመጠበት ተነሣ፤ ከዚያ አፈረና ተመልሶ ተቀመጠ።

ለቀስተኛው ሲበዛ አክስታቸው ወለተ ኪዳን ሙሾ አወረደች። ሴትዮዋ ግጥም የምታውቅ ናት፤ ስለ ገዳሙ ትጋት፣ ድካሙን ለሰው ስለማያሳይ አንጀቱ ነበር የምትለው፦

«ሁሉም ፊቱን አይቶ ደህና ነህ ይለዋል፤
ማን ጎንበስ ብሎለት ሆዱን አይቶለታል።»

ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ ተቀበሏት። አምደሚካኤል ግን ወርቁን ለብቻው ሰማ። እስከዚያ ሰዓት ድረስ ያላለቀሰው ሰው ፊቱን በኩታው ሸፍኖ ተንሰቀሰቀ። ለቀስተኛው፣ ወንድሙን ስለሚወድ ነው፣ አለ። መውደዱንስ ይወደው ነበር።

ዝናቡ ሲያባራ የገዳሙ የሹፌርነት ጓደኛ ምስጋናው የጫነ መኪናውን ከድንኳኑ ጥግ አቁሞ አንድ ሽማግሌ ደግፎ አወረደ። አቶ ውበቱ ይባላሉ፣ የቁይ ከተማ ሰው ናቸው። ሚኒባሱ ውስጥ ከሞቱት አንዷ ልጃቸው ደብሪቱ ናት። የእሳቸው ቤት ሰው ወደዚህ ለቅሶ ይመጣል ብሎ ያሰበ አልነበረም። እሳቸው ግን እግዜር ያጽናችሁ ብለው ተቀመጡ፣ ንፍሮም ዘገኑ። ከዚያ ወደ አምደሚካኤል ዞሩ።

«ልጄ፣ ጠብ ሽቼ አልመጣሁም። ሞትስ የእግዜር ነው። እንቅልፍ ነው የገደላት አሉኝ፣ ይህን ለእናቷ መንገር ከበደኝ። ወንድምህ ተኝቶ ነበር?»

አምደሚካኤል ታየችን አየ። እሷም ታየዋለች። እጁ ወረቀቱ ወዳለበት ኪሱ ገባ። ድስቱ ሥር እሳቱ ይነድዳል፣ አሥር እርምጃ አይሆንም።

«አልተኛም ነበር አባቴ» አለ። «መኪናው ፍሬን አልነበረውም። እኔ ነኝ ሳላይለት የፈረምሁት።»

ከዚያ ክርስትናውን፣ ኩታውን፣ ሳቁን፣ ስልኩን፣ ገደል ውስጥ ያየውን ሁሉ ተናገረ። አላሳጠረም፤ ራሱንም አላተረፈም። ወረቀቱን ለታየች ሰጣት። እያንዳንዱን መስመር በጣቷ እየተከተለች አነበበች። አንድ ሰው ተነሥቶ ወጣ፣ ሌሎችም ተከተሉት። አምደሚካኤል እዚያው ተቀምጦ ለትራፊክ ፖሊሱ ደወለና ወረቀቱን ይዤ እመጣለሁ አለ።

አቶ ውበቱ በእጃቸው የቀረውን ንፍሮ ወደ ሳህኑ መለሱ።

«እንግዲያ ነቅቶ ነበር» አሉ። «እስከ ታች ድረስ።»

ይህን ታየች አላሰበችውም ነበር። ባሏ ተኝቶ አይደለም መባሉን ሦስት ቀን ስትመኝ ቆይታ፣ አሁን አገኘችው። መሪውን ይዞ፣ ዓይኑን ከፍቶ፣ የማይዝ ፍሬን እየረገጠ ሚኒባሱ ወደ እሱ ሲመጣ እያየ ነው የወረደው። ልጇን ለወለተ ኪዳን አቀብላ ወረቀቱን አጠፈች፣ ደግማ አጠፈች። አላለቀሰችም፣ አልተሳደበችም። አምደሚካኤል ብትረግመኝ ይሻለኝ ነበር ብሎ አሰበ።

ምስጋናው ለመሄድ ተነሣ። አቶ ውበቱን ደጀን ላይ አውርዶ በረሃውን ይወርዳል፤ ጭነቱ አዲስ አበባ ይጠበቃል። ሽማግሌው ምርኩዛቸውን አነሡ።

«ምስጋናው፣ ቆይ» አለች ታየች። ከዚያ አምደሚካኤልን ሳታየው፣ «ከመሄዳቸው በፊት ጎንበስ ብለህ እይላቸው» አለችው።

ተነሥቶ ወጣ። ከክርስትናው ወዲህ ለብሶት የማያውቀውን ያን ኩታዋን ነበር የለበሰው። አላወለቀውም፤ ካርቶንም አልፈለገም። ጭቃው ላይ በጀርባው ተጋደመና ከመኪናው ሥር ገባ። የስልኩን ባትሪ አበራ። ከዚያ ሆኖ የሚታየው የሰው እግር ብቻ ነው፦ የአቶ ውበቱ ጭቃ የያዘ ጫማና ምርኩዛቸው፣ ጎማው አጠገብ ደግሞ የታየች ጥቁር ቀሚስ ጫፍ። ጣቱን አስገብቶ ሸራውን ዳሰሰ፣ ውፍረቱን ለካ፣ ደግሞ ለካ።

«የፊቱ ደህና ነው» አለ ከሥር።

እግሮቹ አልተንቀሳቀሱም። በክርኑ እየተገፋ ወደ ኋላው ጎማ ተንሸራተተ።