ተራ ቁጥር አስራ አንድ

መሰላሉን እሱ ከፊት እኔ ከኋላ ተሸክመን በዋናው መንገድ ስናልፍ፣ የሚያውቀን ሁሉ ሥራ ያገኘን መስሎት "ይቅናችሁ!" ይለናል። እኔ "አሜን" እላለሁ።  ምኑ ነው የሚቀናን? የምንሄደው ማዘጋጃ ቤት ነው፤ ከመዝገብ ቤቱ በር በላይ የተሰቀለውን ሰሌዳ ልናነብ። ለማንበብ መሰላል ተሸክሞ የሚሄድ ሰው ያገባሁ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ባሌ አናጢ ነው። ሰፈሩ "ሚሊ" ይለዋል፤ አንድ ሚሊ የሳተ በር ነቅሎ እንደገና ስለሚሠራ። ሃያ ዓመት አብሬው ስኖር አንድ ቀን እንኳ "በግምት" ሲል ሰምቼው አላውቅም። ስንት ሰዓት ነው ብዬ ብጠይቀው ከነደቂቃው ነው የሚነግረኝ። እንዲህ ያለ ሰው ለሚስት ፈተና ነው፤ ለማዘጋጃ ቤት ደግሞ መቅሰፍት።

ጣጣውን ያመጣብን ቦዩ ነው። በሰፈራችን የውሃ መውረጃ ቦይ ይሠራል ተብሎ ተቆፈረ፣ ድንጋይ ተደረደረ፣ ከዚያ ግማሽ መንገድ ላይ ሠራተኞቹ ዕቃቸውን ሰብስበው ሄዱ። ዝናብ በጣለ ቁጥር ቦዩ የሰፈሩን ጎርፍ ሁሉ ሰብስቦ ያለቀበት ቦታ ላይ ይተፋዋል። ያለቀበት ቦታ ደግሞ የእኛ ወርክሾፕ በር ነው። ባለፈው ወር ለቁም ሣጥን ያዘጋጀነው እንጨት ውሃ ጠጥቶ ተጣመመና ደንበኛው ቀብዱን መልሶ ወስዶ ሄደ። ባሌ ሜትሩን ይዞ ወጣና ቦዩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ለካው። ሦስት መቶ አስራ ሁለት ሜትር። በማግሥቱ ማዘጋጃ ቤት ሄዶ "ለስንት ሜትር ነው የተከፈለው?" ብሎ ጠየቀ። ኃላፊው ከወረቀቱ ላይ ቀና እንኳ ሳይል "ተለጥፏል፤ ሄደህ ሰሌዳው ላይ አንብብ" አለው።

ያንን ሰሌዳ የሠራው ባሌ ራሱ ነው። ባለ መስታወት፣ ባለ ቁልፍ፣ ጠርዙ በእጅ የተላገ። ሰው ቆሞ እንዲያነበው ብሎ ከወለሉ አንድ ሜትር ከሃምሳ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጎለት ነበር። እነሱ ግን "ልጆች መስታወቱን ይሰብሩታል" ብለው ከበሩ በላይ፣ ከጣራው ሥር አሰቀሉት። ያለፈው ዓመት ወጪ አስር ቀን ለሕዝብ ይለጠፍ ይላል ደንቡ። ይለጠፋል። ከእንሽላሊት በቀር ያነበበው ግን የለም።

"ነገ አስረኛው ቀን ነው፤ ከዚያ ያወርዱታል" አለኝ ትናንት እራት ላይ። "መሰላሌን ይዤ እሄዳለሁ።"

እንዳይሄድ ፈለግሁ። ምክንያቱ ቦዩ አልነበረም።

አምና ሰሌዳውን ባስረከብን ጊዜ የግዢ ሠራተኛው አንድ ቅጠል ባዶ ደረሰኝ ላይ ፈርምና ማህተም አድርግልኝ አለው ባሌን። "ቁጥሩን እኔ ቢሮ እሞላዋለሁ፤ ሁሉም የሚያደርገው እንዲሁ ነው።" ይህን ሰውዬ "ቅቤው" ነው የምንለው፤ ምላሱ እንደዚያ ነው። ባሌ "ባልተለካ ነገር ላይ አልፈርምም" አለ። ገንዘባችን ሦስት ሳምንት ተያዘ። የልጃችን የትምህርት ቤት ክፍያ ቀን አለፈ፤ ልጅቷ ከክፍል ተመልሳ መጥታ ቦርሳዋን እንዳዘለች በሩ ላይ ቆመች። ያኔ እኔ ነኝ የጮኽኩበት። "ፈርምና ገላግለን! አገር ሁሉ የሚፈርመውን አንተን ምን የተለየ ያደርግሃል?" አልኩት። ፈረመ። ስድስት ሺህ ተቀበልን። ከዚያ ቀን ወዲህ ያንን ወረቀት አንስቶብኝ አያውቅም። ቢያነሳብኝ ይሻለኝ ነበር።

"የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል" አልኩት። "ያ ደረሰኝ ስንት እንደተሞላበት በምን ታውቃለህ?"

"አንድ ሰሌዳ ሠራሁ። አንድ ሰሌዳ ተጽፎ ይገኛል።"

"አንተ ሰውዬ፣ ባዶ ወረቀት እኮ ነው! የፈለጉትን ይጽፉበታል። ፊርማው ግን ያንተ ነው። ነገሩ ከተነሳ የሚታሰረው የሞላው ሳይሆን የፈረመው ነው።"

ሳህኑን ገፋ አድርጎ "መሰላሉን ትይዢልኛለሽ ወይስ ሰው ልፈልግ?" አለኝ።

እኔ ከፍታ እፈራለሁ። ወንበር ላይ ቆሜ አምፖል እንኳ አልቀይርም። መሰላል ግን ይዤለት አውቃለሁ፤ ሌላ ሰው ደግሞ እንዲይዝለት አልፈልግም። ይኸው ተሸክመን መጣን።

በሩ ላይ ያለው ጥበቃ ጎረቤታችን ነው፤ ጡረታው የደረሰ ትልቅ ሰው። "ምን ልትጠግኑ ነው ደግሞ?" አለን።

"ልናነብ ነው ጋሼ" አለው ባሌ።

ጥበቃው ቀልድ መስሎት ሳቀና በሩን ከፈተልን።

ከመዝገብ ቤቱ ፊት ለፊት ያለው በረንዳ በወረፋ ጢም ብሏል። ሁሉም የወረፋ ቁጥሩን በእጁ ጨብጧል። ባሌ መሰላሉን አቆመ፣ እግሩን በእጁ ነቅነቅ አድርጎ አረጋገጠ፣ "ያዢ" አለኝና ወጣ። ከኪሱ መነጽራችንን አወጣ። ሁለታችንም ለንባብ አንድ መነጽር ነው ያለን። ከዚያ በዚያ በደረቅ ድምፁ "ተራ ቁጥር አንድ!" ብሎ ጮኸ።

"አንድ እኔ ነኝ! አንድ እኔ ነኝ!" ብላ አንዲት ሴት ሰው እየገፋች መጣች። ወረፋው በሳቅ ፈነዳ። እኔም በጭንቀቴ መሐል ሳቄ አመለጠኝ። ባሌ ግን አልሳቀም፤ ቀጠለ። የጽሕፈት መሣሪያ። የመኪና ጎማ። ለስብሰባ መስተንግዶ። ብዛቱን ያነባል፣ የተከፈለውን ያነባል፣ አቅራቢውን ያነባል። ሳቁ ቀስ በቀስ ሞተ። ለመስተንግዶ የተከፈለውን ሲያነብ አንድ ሰው "በልተው ሞተዋል" አለ፤ ሌላው "ዝም በል፣ እንስማ" አለው።

"ተራ ቁጥር ሰባት። የውሃ መውረጃ ቦይ። ስምንት መቶ ሜትር። ተጠናቋል።"

 ከሰፈራችን የመጣ፣ ከዘራ የያዘ ሽማግሌ "ተጠናቋል?" አለ። "የቀረውን አምስት መቶ ሜትር መሬት ዋጠው ወይስ ምን ሆነ?"

"አራት መቶ ሰማንያ ስምንት" ብሎ ባሌ ከላይ አረመው።

ያኔ ጫጫታው ተነሳ። ኃላፊው በሩን በርግዶ ወጣ። "ማን ፈቅዶልህ ነው?"

"እርስዎ። 'ሄደህ አንብብ' ብለውኛል።"

"ሥራ እያደናቀፍክ ነው፤ ውረድ! ጥበቃ! መሰላሉን ውሰድልኝ!"

ጥበቃው መጣና ከጎኔ ቆመ። ኃላፊውን አየ፣ እኔን አየ። "ሰው ላዩ ላይ እያለ እንዴት አድርጌ ልውሰደው ጌታዬ?" አለ። እውነቱን ነው። ባሌ ስምንተኛውን ማንበብ ጀምሯል።

በዚህ መሐል አንድ ሰው በጆሮዬ ተነፈሰብኝ። ቅቤው ነው። ፈገግ ብሏል፤ ግንባሩ ግን በላብ ርሷል። "እመቤት፣ ለእናንተ ብዬ ነው" አለኝ። "አስራ አንድ ላይ ሳይደርስ አውርጂው። የልጅ አባት ነው።"

ሌላ ነገር መንገር አላስፈለገውም።  ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል፤ ይኸው ዘንዶው። ከላይ "ተራ ቁጥር ዘጠኝ" ሲል ሰማሁ። ልጄ ታየችኝ፣ ወርክሾፑ ተዘግቶ ታየኝ፣ እስር ቤት ምሳ ይዤ ስመላለስ ታየኝ።

"ሚሊ" አልኩት። "በቃህ። ቦዩን አነበብክ አይደል? ውረድልኝ።"

"ተራ ቁጥር አስር" አለ። የአጥር ቀለም ነበር። አነበበና ወደ መስታወቱ ጠጋ አለ።

መሰላሉ ተንቀጠቀጠ። መጀመሪያ የእኔ እጅ መስሎኝ ነበር። አይደለም፤ የእሱ እግር ነው። ያቺን መስመር በዓይኑ አንብቧታል።

"ዝለለው" አልኩት በሹክሹክታ። "አስራ አንድን ዝለለው። እዚያ ላይ ወጥቶ የሚያጣራ የለም። በልጅህ ሞት ዝለለው!"

ቁልቁል አየኝ። ቢቆጣ እችለው ነበር። አልተቆጣም። አንድ ሚሊ የሳተ በር ሲያይ እንደሚያየው ነው ያየኝ። አፈርኩ፤ ሳፍር ደግሞ እንደገና ተናደድኩበት። ወደ መስታወቱ ዞረ።

"ተራ ቁጥር አስራ አንድ። ባለ መስታወት የማስታወቂያ ሰሌዳ። ብዛት፣ አራት። የተከፈለ፣ ዘጠና ስድስት ሺህ። አቅራቢ..." ጉሮሮውን ጠረገ። "አቅራቢ፣ እኔ።"

"ሦስቱስ የት አሉ?" አለ አንድ ሰው።

"የሉም። የሠራሁት ይህን አንዱን ነው፤ የተቀበልኩት ስድስት ሺህ ነው። ነገር ግን ባዶ ደረሰኝ ላይ ፈርሜ ሰጥቻለሁ። ፊርማው የእኔ ነው። ካጠፋሁ ያጠፋሁት ያንን ነው።"

ኃላፊው መና ከሰማይ የወረደለት መሰለው። "ሰማችሁ አይደል? ራሱ ሰርቆ ነው ሰው የሚከሰው! በአፉ ተናገረ! ፖሊስ ጥሩ!" ቅቤውን በዓይኔ ፈለግሁት፤ የለም፣ ተኗል። ከሁሉ በላይ ያቃጠለኝ ግን ሽማግሌው ነው። ከዘራውን ተደግፎ ሽቅብ እያየ "አይ ሚሊ... አንተም?" አለ።  ባሌ ጆሮው ድረስ ሲቀላ አየሁት።

ፖሊስ ጣቢያው ከአጥሩ ወዲያ ነው፤ ሁለት ፖሊሶች ለመድረስ ጊዜ አልፈጀባቸውም። ባሌ እርከን በእርከን፣ ሳይቸኩል ወረደ። መሬት ሲረግጥ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገና በእጄ ላይ አስቀመጠልኝ።

"እስከ ሃያ ሦስት ይሄዳል" አለኝ።  ይዘውት ሄዱ።

"ጥበቃ! አሁን ውሰደው መሰላሉን!" አለ ኃላፊው። "እናንተም ወረፋችሁን ያዙ!"

ሰዉ መበተን ጀመረ። ሌባ ሌባን ከሰሰ ብሎ፣ ወረፋውን ይዞ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሁሉንም ሊረሳው ነው። "ፈርም ያልኩት እኔ ነኝ" አልኩ። ማንም አልሰማኝም።  መነጽሩን ዓይኔ ላይ አደረግሁና እግሬን የመጀመሪያው እርከን ላይ አሳረፍኩ። መሰላሉ ወደ ጎን ሸሸ። የሚይዘው ሰው የለማ! ያዡ እኔ ነበርኩ።

ጥበቃው ወደ እኔ መጣ። ሊወስድብኝ ነው ብዬ በሁለት እጄ አጥብቄ ጨበጥኩት። እሱ ግን ኮፍያውን አውልቆ ብብቱ ሥር አደረገ፣ ትከሻውን ለመሰላሉ ሰጠ።

"ውጪ እህቴ፤ ይዤዋለሁ" አለኝ።

"ከሥራህ ትባረራለህ!" አለው ኃላፊው።

"ጡረታ ልወጣ አራት ወር ነው የቀረኝ ጌታዬ" አለ ጥበቃው፤ አልተንቀሳቀሰም።

ስምንት እርከን ነው። ሁለተኛው ላይ ቀሚሴ ተያዘብኝ፣ አምስተኛው ላይ ዓለም ዞረችብኝ፣ ዓይኔን ጨፍኜ የቀሩትን በእጄ እየዳበስኩ ወጣሁ። ስገልጥ ሰሌዳው አፍንጫዬ ሥር ነው፤ ጠርዙ ላይ የባሌ መላጊያ ያለፈበት ይታያል። ወረቀቱ ላይ በደቃቅ ፊደል መስመሩ ተደርድሯል። ዞር ስል ከአጥሩ በር አጠገብ ባሌን በሁለቱ ፖሊሶች መሐል አየሁት፤ ጀርባውን ሰጥቶኛል።

"ፈርም ያልኩት እኔ ነኝ!" ብዬ ጮኽኩ። "እሱ አልፈርምም ብሎ ነበር! አስገድጄ ያስፈረምኩት እኔ ነኝ!"

ባሌ ቆመ። ፖሊሶቹም አብረውት ቆሙ። ከታች ሁሉም ቀና ብሎ አየኝ፤ እኔ ግን ወደ ታች አላየሁም፣ ብመለከት እወድቃለሁ። ጣቴን መስታወቱ ላይ አድርጌ አስራ አንድን ፈለግሁ፣ ከእሱ ሥር ያለውን አገኘሁት።

"ተራ ቁጥር አስራ ሁለት" አልኩ።

"አይሰማም!" አለ ሽማግሌው፤ ከዘራው በረንዳውን ሲመታ ሰማሁት። "ጮክ በይ!"

ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ።