የአንሰል አሸዋ

ቬስታ ፒካፗን ከበሩ አቆመችና መሪው ላይ ተደፍታ ቀረች። ዛሬም እግሯ እስኪቀጥን መካነ መቃብር ለመካነ መቃብር ስትዞር ውላ ባዶ እጇን ነው የመጣችው። ያላነበበችው የሙት ስም አልቀረም፤ የሉሲንዳ ግን የለም።

ሉሲንዳ የአባቷ የኦሪን አያት ናት። ባሏ አንሰል ትሮውብሪጅ በሬ በሚጎትተው ጋሪ ከኦሃዮ ተነስቶ ወደ ኦሪገን ሲጓዝ፣ እዚሁ ነብራስካ ላይ ጡት የሚጠባ ልጅ ትታበት ሞተች። የት እንደቀበራት ለማንም ሳይተነፍስ እሱም አለፈ። አሁን ኦሪን አርጅቷል፤ ልቡ ደክሟል፤ ሐኪሙም ክረምቱን አይዘልቅም ብሏል። ለአያቱ ያስጠረበው ሐውልት ጎተራ ውስጥ ተጋድሞ አቧራ ይጠጣል። ሳልሞት የት እንደምትተክዪው አሳዪኝ ብሎ ለምኗት፣ እሺ ብላ ቃል ገብታ፣ ይኸው ቃሉ አንከራተታት።

አንሰልን አምርራ ነው የምትጠላው። ሚስቱን የትም ጥሎ ዓመት ሳይሞላው ሌላ ያገባ ጨካኝ! ኦሪገንን ትቶ እዚሁ ሲቀር የመረጠው መሬትስ? አንድ ቀን ቢታገስ ወንዙ ዳር ጥቁር አፈር ይጠብቀው ነበር፤ እሱ ግን አሸዋ ላይ ተጎልቶ ዘር ማንዘሩን አሸዋ ሲያርስ አስቀረ። በስተርጅናው ደግሞ አዲስ መንገድ ወጥቶ ሳለ፣ በአሮጌው መንገድ ባዶ ጋሪ ሲያመላልስ ይውል ነበር አሉ። ጎረቤቶች እስከ ዛሬ በቤተ ክርስቲያን ምሳ ላይ በቬስታና በአባቷ ይስቃሉ፤ «ለመሆኑ መጀመሪያ የደከሙት በሬዎቹ ናቸው ወይስ አንሰል?» እያሉ።

«አገኘሻት?» አለ ኦሪን፣ በረንዳው ላይ ካለው ተወዛዋዥ ወንበሩ ሳይነሳ።

«አላገኘኋትም አባዬ። ደክሞኛል፤ በቃ ደክሞኛል።»

 

«እንግዲያው ሌላ ጣጣም አለልሽ» አለ ኦሪን። «የሞተውን ውሻችንን ቀበሮ ከጉድጓዱ ቆፍሮ አወጣው።»

«እንዴት ይወጣል? ዛፉ ስር ቀብሬ ድንጋይ ከምሬበት የለ?»

«ዛፍ ስር ቅበሪ ማን አለሽ? የኛ ቤት ውሻ አሮጌው መንገድ ላይ ነው የሚቀበረው። ትቀብሪና መኪናውን ትነጅበታለሽ። አፈሩ ሲጠቀጠቅ አውሬ ምኑን ይቆፍራል? አያቴ አንሰል ነው ያስተማረኝ። ድንጋይ መከመር ተኩላን ና ብላ ብሎ መጥራት ነው ይል ነበር።»

«እሱስ ከየት ተማረው?»

«ከጋሪ ጉዞው ነዋ! መንገድ ላይ ሰው ሲሞትባቸው እዚያው መንገዱ መሃል ቀብረው ጋሪዎቹን...»

 ሁለቱም እኩል ወደ አሮጌው መንገድ ዞሩ። ከበሩ ጀምሮ በቆሎውን ለሁለት ከፍሎ የሚሄድ፣ አንሰል ማንም እንዳያርሰው አደራ ያለው የመንኮራኩር ዱካ።

«ባዶ ጋሪ» አለች ቬስታ።

«ኦሪገንን ለዚህ ነው የተወው» አለ አባቷ። «ጥሏት መሄድ አቅቶት ነው። አንሺኝ እስቲ፣ ውሰጅኝ።»

ደግፋ መኪናው ላይ አስቀመጠችው። አሮጌው መንገድ አፍ ላይ ሲደርሱ ግን እግሯ ነዳጁን አልረግጥ አለ።

«አልችልም አባዬ። እላይዋ ላይ እኮ ነው!»

«ንጂ።»

«ሐውልቱንስ እዚህ ዳር ላይ ልትከለው?»

«ተዪው። አንሰል ድንጋይ አጥቶ መሰለሽ?» አለ ኦሪን። እንባው ጉንጩ ላይ ይወርዳል፤ አልጠረገውም። «እሱ እስኪሞት አመላለሰ። እኔም ሳላውቀው ዕድሜዬን ሙሉ ስነዳበት ኖርኩ። ከእኔ በኋላ ደግሞ ያለሽው አንቺ ነሽ።»

ቬስታ ማርሽ አስገባችና ቀስ ብላ ነዳች። መጨረሻው ላይ ደርሳ መኪናውን አዞረች፤ ሲመለሱም በዚያው በአሮጌው መንገድ ተመለሱ።