የሂልማር ቀዛፊዎች

«...እና ምን አላቸው መሰላችሁ?» ሽማግሌው ፔደር የገብስ ቡናቸውን አስቀምጠው ተነሡ፤ እንደ ሟቹ ደረታቸውን ነፉ። «‹እናንተ ዕውሮች! የቀደዳችሁት እኮ መረቤን ነው!›»

ለቅሶ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሂልማር ከሞተ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ሣጥኑ ባሕሩ ዳር ጀልባ ማደሪያው ውስጥ ተቀምጧል። በሚያዝያው በረዶ ዓይን ተጋርዶ ሳለ፣ ወደ ናርቪክ ወደብ የሚገቡትን የጀርመን የጦር መርከቦች የራሳችን ጠረፍ ጠባቂዎች መስለውት፣ የዓሣ መረቡን ስለቀደዱበት ቀዝፎ ደርሶ ልክ ልካቸውን የነገራቸው እሱ ነበር። አገር መወረሯን ከመንደሩ መጀመሪያ ያወቀ እሱ፤ ያወቀውም በስድቡ መሃል።

«መድፍ አላዞሩበትም?»

«ማዞሩንስ አዞሩ። እሱ ግን ገና አልጨረሰም ነበር!»

የሂልማር ልጅ ራግና ከሳቅ የተረፈ እንባዋን ጠረገች። ቀብሩ ነገ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑ ደግሞ ከፊዮርዱ፣ ተራሮቹን ሰንጥቆ ከገባው የባሕር ክንድ፣ ማዶ። በዚህ ዳርቻ ሰው የሚሸኘው በገዛ ጀልባው፣ በወንዶች ቀዘፋ ነው። ወንዶቹ ግን ወራሪውን ሊዋጉ ተራራ ወጥተዋል። የቀሩት ፔደርና የፔደር ወገብ ናቸው፤ እነሱም እርስ በርስ አይስማሙም።

«እኛ እንቀዝፈዋለን» አለች።

አክስቷ ኦሊና ቂጣዋን አኝካ ሳትጨርስ፣ «የሬሳ ጀልባ በሴት ተቀዝፎ አያውቅም! ወንዶቹ እስኪመለሱ ይቆይ» አለች።

«ጦርነቱ የሚያልቅበትን ቀን ነገሩሽ እንዴ አክስቴ? አባዬ እኮ ተሰቅሎ የሚቆይ የደረቀ ዓሣ አይደለም።»

«ምላስሽ! ቁርጥ አባትሽን!»

ማዕዘን ላይ የተቀመጡት ሴቶች፣ «የሴት እጅ ሬሳ ሊቀዝፍ!» እያሉ ተንሾካሾኩ። ራግና ሰማቻቸው።

የእንግሊዝ የጦር መርከቦች ጀርመኖቹን ተከትለው መጥተው ፊዮርዱ በእሳት የጋየ ዕለት፣ ሂልማር ሁለተኛ ቀዛፊ አጥቶ የጠራው እሷን ነበር። ዘይት ካጠቆረው ውሃ እንግሊዙንም ጀርመኑንም እየጎተቱ አወጡ። ሂልማር እያንዳንዱን በማጅራቱ ይዞ፣ «መረቤን የቀደድከው አንተ ነህ?» ይላል። ቋንቋውን የማያውቀው ምስኪን፣ በብርድ እየተንቀጠቀጠ ራሱን በአዎንታ ይነቀንቃል። ለመጨረሻው ወጣት መርከበኛ ኮቱን አውልቆ አለበሰው። የገደለው ሳል የጀመረው ያን ዕለት ነው።

«ከውሃ ያወጣሁት ሁሉ፣ ‹የሴት እጅ ነው› ብሎ ተመልሶ አልገባም!» አለች ራግና።

ኦሊና ሌላ ቂጣ አነሣች።

በማግስቱ ጠዋት ሣጥኑ ጀልባው ላይ ወጣ። ሦስት ሴቶች ቦታ ቦታቸውን ያዙ። ኦሊና ጥቁሯን ለብሳ ስትመጣ ሁሉም ለእርግማን ተዘጋጀ። እሷ ግን ቀሚሷን ሰብስባ ገባችና አንዷን በክርኗ ገፋቻት።

«ጠጋ በይ! እኔ ወንድሜን ዳር ቆሜ የማይ መሰላችሁ?»

ራግና ከአባቷ መቀመጫ ላይ ተቀመጠች። ቀዛፊ እግሩን ተመርኩዞ የሚገፋበት መርገጫ በሂልማር ረጃጅም እግሮች ልክ ርቆ ተሰክቷል።

«ንቀዪውና ወደ አንቺ አቅርቢው እንጂ» አሉ ፔደር ከዳር ሆነው።

መርገጫውን ከቦታው አላነቃነቀችውም። ወደ መቀመጫው ጫፍ ተንሸራትታ እግሯን ዘረጋች፤ በእግር ጣቶቿ ጫፍ ደረሰችበት፤ ከዚያ መቅዘፊያውን ሳበች።