«ደረስን» የምትለዋ ቁልፍ

በጣቢያችን በስሜ የሚጠራኝ ሰው የለም፤ መብረቅ ነው የሚሉኝ። ስሙን ያወጣልኝ አብሮኝ የሚሠራው ሾፌር ነው፤ እኔም ላለመኩራራት ብዙ አልታገልኩም። አለቃችን በየወሩ መጨረሻ የአምቡላንስ ቡድኖቹን ሰዓት አሳትሞ የልብስ መቀየሪያ ክፍሉ በር ላይ ይለጥፋል። ጥሪ ከተቀበልን በኋላ በሽተኛው ጋ ለመድረስ ስንት ደቂቃ እንደፈጀብን ማለት ነው። እኔና ሾፌሩ ለሁለት ዓመት ተኩል ከአንደኝነት ወርደን አናውቅም፤ አማካያችን ስድስት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ነው። ሌሎቹ ዘጠኝም አሥርም ይፈጅባቸዋል። ወረቀቱ በተለጠፈ ቀን በዚያ በር ሥራ ኖረኝም አልኖረኝም አራት አምስት ጊዜ እመላለሳለሁ።

አሁን ምስጢሩን ላውጣው። ከመኪናው መሪ አጠገብ ታብሌት ተገጥሟል፤ ሦስት ቁልፎች አሉት፦ «ወጣን»፣ «ደረስን»፣ «አስረከብን»። ደንቡ «ደረስን» የምትለዋን በሽተኛው ዘንድ ስትደርሱ ተጫኑ ይላል። እኛ የምንጫናት ግን ወደ ሰፈሩ የሚያስገባው መታጠፊያ ላይ ነው። ታብሌቱ ሲመጣ ያስለመዱኝ ሰዎች እንዲህ ነው ያሳዩኝ፤ በሽተኛ ፊትህ ወድቆ ማን ታብሌት ያስታውሳል ብለው። ሁሉም ቡድን ያደርገዋል። ልዩነቱ ሌላው መታጠፊያው ላይ ሲጫን እኔ መታጠፊያው ከሩቅ ሲታየኝ መጫኔ ነው። ማንን ይጎዳል እል ነበር፤ ቁጥር እንደሆነ አያመውም።

በዚያ ወር ግን ነገሩ ከጉራ አለፈ። አዲስ አምቡላንስ ሊመጣ ሆነና አለቃ «አንደኛ ለወጣ ቡድን ነው የምሰጠው» አለ። የእኛዋ አሮጊት የኋላ በሯ ካልተረገጠ አይዘጋም፤ የሾፌሩ ወንበር ደግሞ ምሽት ላይ ወገቡን ይዞ እንዲወርድ ያደርገዋል። እሱማ አዲሲቷን ሳያያት ከአሁኑ የት ጥላ ሥር እንደሚያቆማት መርጦላታል።

የእህቴ ልጅ የመጣችብን በዚህ መሃል ነው። የዶክትሬት ጥናቷን የምትሠራው በእኛ ሙያ ላይ ነው፤ ሰው ሆስፒታል ከመድረሱ በፊት በሚደረግለት እርዳታ ላይ። ሁለት ወር ሙሉ ከቡድን ቡድን እየተዘዋወረች አምቡላንስ ውስጥ ተቀምጣ፣ አንገቷ ላይ የሩጫ ሰዓት አንጠልጥላ የምናደርገውን ሁሉ በሰከንድ ትመዘግባለች። ሌሎቹ ቡድኖች «ትንፋሻችንን ሳይቀር ጻፈችው» እያሉ ሲያማርሩ እኔ ተራዬ አልደርስ ብሎኝ ተቁነጠነጥኩ። ይቺን ልጅ አዝዬ ነው ያሳደግኳት። አጎቷ ማን እንደሆነ በጥናት ተረጋግጦ ቢጻፍ አልጠላሁም።

መጨረሻ ላይ ተራው ደረሰኝና ከኋላ ባለችው ታጣፊ ወንበር ተቀመጠች። ሾፌሩ በገባች በአንድ ሰዓት ውስጥ «ደቂቃ» ብሎ ስም አወጣላት።

«ደቂቃ፣ ዛሬስ እንዴት ነን?» ይላታል።

«ገና አልደመርኩም።»

የመጀመሪያው ሳምንት ሳቅ በሳቅ ነበር። መጋረጃ ሲሰቅል የወደቀ ሰውዬ መጋረጃውን እንደለበሰ ጭነን ወሰድን። ሌላዋ ሴትዮ እሷ ናት የታመመችው ብለን ስንመረምራት ቆይተን፣ የታመመው ከጎኗ የቆመው ወንድሟ ሆኖ ተገኘ። ደቂቃ ሁሉንም ትጽፋለች። አንዴ ብቻ ጠየቀችኝ።

«ጋሼ፣ አሁን የተጫንከው ምንድን ነው?»

«ተይው፣ የቢሮ ጣጣ ነው» አልኳት። እሱንም ጻፈችው።

ማክሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ጥሪ መጣ። ሰው ቤቱ ውስጥ ወድቋል፣ አይተነፍስም፣ ሚስቱ የጥሪ ማዕከሏ ልጅ በስልክ እየመራቻት ደረቱን እየተጫነች ነው። ሾፌሩ መኪናዋን አበረራት። መታጠፊያው ከሩቅ ታየኝ፤ ተጫንኩ። አምስት ደቂቃ ከሃምሳ ሰከንድ!

«አዲሲቷ መኪና ሸተተችኝ» አለ ሾፌሩ።

ታጥፈን ስንገባ ሲሚንቶ የሚያራግፍ የጭነት መኪና መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ዘግቶታል። ሾፌሩ ጥሩምባውን ቢያስጮህ የሚሰማ ጠፋ። ቦርሳዎቹንና የልብ ማስነሻ ማሽኑን ተሸክመን በእግራችን ሮጥን። ሕንፃው ጋ ስንደርስ አንዲት ሴት ስልኳን ደረቷ ላይ አጣብቃ፣ የግቢውን በር በትከሻዋ ደግፋ ከፍታ ቆማለች።

«ደርሰዋል ብለውኝ ወርጄ ስጠብቃችሁ…»

«ስንተኛ ፎቅ?» አልኳት፤ ሌላ ነገር ለመስማት ጊዜ አልነበረኝም።

አራተኛ ነው። ሰውየው ወጥ ቤት ውስጥ በምድጃውና በጠረጴዛው መሃል ተዘርሯል። ሾፌሩ ደረቱን ተጫነ፣ እኔ ማሽኑን አያያዝኩ። በመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ንዝረት ምንም የለም። በሁለተኛው ልቡ ተነሳ! ሆስፒታል ስናስረክበው እጁን ያንቀሳቅስ ጀምሮ ነበር። እኔና ሾፌሩ ተቃቅፈን እዚያው በር ላይ ጨፈርን ማለት ይቻላል።

«ጻፊ እንጂ!» አልኳት ደቂቃን። «ይሄን ካልጻፍሽ ምን ልትጽፊ ነው?»

ጣቢያ ስንገባ ወደ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ተከትላኝ ገባችና ደብተሯን ገለጠች።

«ጋሼ፣ እስቲ ቁጭ በል። ቁልፉን ከተጫንክበት ጀምሮ እጃችሁ ሰውየው ደረት ላይ እስኪያርፍ አምስት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ሆኗል።»

«እና? ሲሚንቶውን እኔ ነኝ ያራገፍኩት?»

«እሱን አላልኩም። ቁልፉን ስትጫን ጥሪ ማዕከል ያለችው ልጅ ምን ይታያታል?»

«መድረሳችን ነዋ።»

«ሚስትየዋንስ ምን ትላታለች?»

የጫማዬን ማሰሪያ መፍታት ጀመርኩ።

«ደርሰዋል፣ በሩን ክፈቺላቸው ትላታለች» አለች ደቂቃ በቀስታ። «እስከዚያ ድረስ ደረቱን በትክክል ነበር የምትጫነው፤ ሆስፒታል እያለን ጥሪ ማዕከል ደውዬ የስልኩን ቅጂ አሰምተውኛል። ያን ጊዜ እጇን አነሳች። ከዚያ በኋላ ሰውየውን የነካው ሰው የለም። እሷም ያየሃት በር ላይ ቆማ ነው።»

«ተርፏል እኮ!»

«ይሄኛው ተርፏል። እንዲህ ያለ ጥሪ በሁለት ወር አሥራ አራት አየሁ። በዘጠኙ ደረት የሚጫነው ሰው በር ሊከፍት ተነስቷል።»

ከዘጠኙ ስንቱ እንደተረፉ አልጠየቅኳትም። መጠየቁን ትቼ ጮህኩባት። አዝዬ ማሳደጌን፣ የሃያ ዓመት ሥራዬን፣ ውለታ ቢስነቷን፣ ያልቆጠርኩት የለም። ጮኼ እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«ስም አልጽፍም፤ ቡድኖቹን በቁጥር ነው የምጠራው። እናንተ ቡድን አራት ናችሁ፣ ማንም አያውቅባችሁም። ቃሌ ነው» አለችና ወጣች።

ማታ ለእህቴ ደወልኩ። ታላቄ ናት።

«ልጅሽ ልታዋርደኝ ነው» አልኳት። ነገሩን አንድ በአንድ አስረዳኋት።

«ያለችው ውሸት ነው?»

«ውሸትስ አይደለም።»

«ታዲያ እውነት ስለተናገረች ልቆጣልህ?» ብላ ዘጋችብኝ። ከልጅነታችን ጀምሮ ለእኔ አድልታ አታውቅም።

ሦስት ቀን እህል አላሰኘኝም። ዓይኔን ስጨፍን የምትታየኝ ሚስትየዋ ናት። በሩን በትከሻዋ እንዴት አጥብቃ እንደያዘችው፣ እኛ እንዳይዘጋብን ብላ። እስከ ዛሬ ስንቱን ሰው እንዲህ በር ላይ እንዳቆምኩ ሳስበው አፈርኩ።

ዓርብ ዕለት ሁላችንም ለስብሰባ ተጠራን፤ ደቂቃ ያገኘችውን ልታቀርብ ነው። ጥናቱ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ሄዶ የሥራ ደንብ የሚለወጠው አለቃ ከፈረመበት ብቻ ነው። እሷ ረጋ ብላ አስረዳች። አለቃ ግንባሩን እንደቋጠረ ሰማትና ወደ እኛ ዞረ።

«እኔ የማምነው ማሽን የመዘገበውን ነው። ከመሃላችሁ ሳይደርስ ደረስኩ የሚል አለ?»

ሃያ ስምንት ሰው ጫማውን ማየት ጀመረ። ሾፌሩ ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠኝ።

«አየሽ ልጄ» አለ አለቃ፤ «ሰዓትሽ ስህተት ሳይኖረው አይቀርም። እንዲህ ሆኖ አልፈርምበትም።»

ፊቷ ቀላ። ደብተሯ ውስጥ ቀኑም፣ ሰዓቱም፣ መታጠፊያውም አለ። «አጎቴን ጠይቁት» ብትል አንድ ቃል ነበር የሚበቃት። ወደ እኔ ዞር ብላ እንኳ አላየችም። ሁለት ወር የለፋችበትን ወረቀት አንድ በአንድ ትሰበስብ ጀመር።

እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም።

«አለቃ፣ ቡድን አራት እኔ ነኝ።»

ሾፌሩ «ኧረ በፈጠረህ!» አለ ጮክ ብሎ።

«ሰዓቷ አልተሳሳተም። ማክሰኞ ዕለት አንዲትን ሴት ከባሏ ደረት ላይ አስነስቼ በር ላይ ያቆምኳት እኔ ነኝ። ስድስት ደቂቃ ከአርባ የሚባል ነገርም የለም። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ከኋላ አንድ ወፍራም ነርስ ጉሮሮውን ጠረገና «እኛ… ቡድን ሁለት ሳንሆን አንቀርም» አለ። ከዚያ ሌላው። ከዚያ ሌላዋ። ሁሉም እስኪናዘዝ ድረስ የተነሳው ሳቅ የእፍረት ሳቅ ነበር። አለቃ መነጽሩን አውልቆ ረጅም ጊዜ ወለወለው፤ እሱም በደህና ጊዜ አምቡላንስ ላይ ሠርቷል። ከዚያ እስክሪብቶ ጠየቀ።

ደቂቃ በሩ ላይ ስንተላለፍ ክንዴን ጨበጥ አድርጋኝ አለፈች። እንባዬ መጣ፤ አቧራ ነው ብዬ አሳበብኩ።

በሚቀጥለው ወር ወረቀት ላይ አሥራ አንድ ደቂቃ ከሃምሳ ይዘን መጨረሻ ወጣን። አዲሲቷ መኪና ለቡድን ሁለት ሄደች። ሾፌሩ ዘጠኝ ቀን አኩርፎ፣ «ግራ» ስለው ወደ ግራ እየዞረ ግን ሳይመልስልኝ ነዳ። ስሜም ተቀየረ፤ ከመብረቅ ወደ ካፊያ ዝቅ ተደረግኩ። ይሁን፣ ተቀበልኩ።

በአሥረኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ጥሪ መጣ፤ ከአንድ የልብስ ስፌት ቤት ነው፤ ደንበኛ ልብስ ስትለካ ወድቃለች። መታጠፊያውን አለፍን፣ ሕንፃውም በር ላይ ቆምን፤ ቁልፏን አልነካኋትም። ሱቁ ከረጅም ኮሪደር ጫፍ ነው። ግማሹ ላይ ስንደርስ የሰው ድምፅ ሰማሁ።

«ሃያ ስድስት… ሃያ ሰባት… ሃያ ስምንት…»

ሾፌሩ ዘወር ብሎ አየኝ። ሁለታችንም ሮጥን። ልብስ ሰፊው ግዙፍ ሰውዬ ነው፤ ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ ላቡ ወለሉ ላይ እየተንጠባጠበ የሴትየዋን ደረት ይጫናል። ስልኩ ወለሉ ላይ ተቀምጦ የጥሪ ማዕከሏ ልጅ አብራው ትቆጥራለች። ተንበርክኬ እጄን ከእጁ ጎን አሳረፍኩ። አሁንም አልለቀቀም።

«ደረሳችሁ?» አለኝ፣ ቀና ሳይል።

«ደረስን። ልቀቅልኝ ወንድሜ።»

ያን ጊዜ ለቀቀና ግድግዳውን ተደግፎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ሴትየዋ በመጀመሪያው ንዝረት ተመለሰች። ሆስፒታል ስንገባ ሾፌሩ ከዘጠኝ ቀን ኩርፊያ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ «ካፊያ፣ በሩን ርገጠው እንጂ» አለኝ።

ወደ ማታ አለቃ ስልክ ደወለ። «ወጥታችኋል፣ አስረክባችኋል። መድረሳችሁ የታለ?» አለኝ። በግርግሩ ቁልፏን ጭራሽ ረስቻታለሁ፤ ኋላ ልሙላው ብልም ማሽኑ አይቀበልም። በመዝገቡ እንደሆነ እዚያ ልብስ ስፌት ቤት እስከ ዛሬ አልደረስንም።