አላመመኝም

ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ አልጋዬ ላይ ጋደም አልኩ። በቃ፣ ወንጀሌ ይኸው ነው።

ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ ብርድ ልብስ ፋብሪካ የጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ ያመለጠ ክር ስፈልግ ኖሬያለሁ፤ ቤት ስገባም ዓይኔ አያርፍም። የታጠበ ነጠላ ደግሜ አጥባለሁ፣ የተወለወለ ወለል ደግሜ እወለውላለሁ። የእረፍት ቀኔ ሐሙስ ከሥራ ቀኔ ይብሳል። እናቴ ጎረቤላ ላይ ያሳደገችኝ «ቀን የሚተኛ በሽተኛና አራስ ብቻ ነው» እያለች ነው። ስለዚህ ሲደክመኝ ራሴን አመመኝ እላለሁ። አምና ሁለት ሰዓት ለመተኛት ብዬ ታይፎይድ ይዞኛል ብያለሁ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። የዚያን ሐሙስ ግን ልብሱን ዘፍዝፌ አየት ሳደርገው፣ ውሸቱም ልብሱም ሰለቸኝ። ተኛሁ።

አከራዬ እትዬ ጌጤ በበሩ ሲያልፉ አዩኝና «ፀደንያ ታማለች!» ብለው ጮኹ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሁለት ጎረቤቶች ብርቱካን ይዘው መጡ፤ የነፍስ አባቴ አባ ወልደተንሣኤም ጠበል ይዘው ከች አሉ።

«ምንሽን ነው ያመመሽ ልጄ?» አሉ አባ።

አፌ ላይ መጥቶ ነበር። «ራሴን» ብል ሁሉም ከንፈሩን መጦ፣ ብርድ ልብስ ደርቦልኝ ይሄዳል፤ እስከ ማታ የሚነካኝ የለም። ግን በሚቀጥለው ሐሙስስ ምን ልታመም ነው? ጨጓራ? ኩላሊት?

«አላመመኝም አባ።»

«ታዲያ ምን ሆነሽ ተኛሽ?»

«ምንም አልሆንኩም። መተኛት ፈልጌ ነው።»

«ልብሱ ተዘፍዝፎ?» አለች አንዷ ጎረቤቴ ሳፋውን እያየች።

አፈርኩ፤ አልዋሽም፣ ፊቴ ጋለ። ግን አልተነሳሁም።

«ይዘፍዘፍ! ሥራዬን ስጨርስ አርፋለሁ ስል ስድስት ዓመት አለፈኝ። አያልቅም!»

አባ «ለማንኛውም» ብለው ጠበሉን ረጭተውኝ ወጡ። ጎረቤቶቼም እያጉረመረሙ ተከተሏቸው፤ ብርቱካናቸውንም ይዘው ሄዱ።

እትዬ ጌጤ ብቻ ቀሩ። ሊቆጡኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ወገቤን እያልኩ ስተኛ» አሉ፣ «አንድ ቀን እንኳ አሞኝ አያውቅም።»

ወደ ግድግዳው ጠጋ አልኩላቸው። ጫማቸውን አውልቀው ከጎኔ ጋደም አሉ።

ከጎረቤቶቼ አንዷ ተመልሳ በበሩ አንገቷን አስገባች። «ውይ! እትዬ ጌጤ፣ እርስዎ ደግሞ ምን ሆኑ?»

«ጤነኛ ነኝ!» ብለው ጮኹ። «በሩን ዝጊልን፤ ልንተኛ ነው።»